ጉልበትዎ የት ያድርስዎ?

— ሄሎ!... አዎ፣ ትምህርት ቤቱ ነው።... ራሴ ነኝ፣ ወልደሥላሴ። ማን ልበል?... ኛኮንግ? የቷ ኛኮንግ?... እ! ሆስፒታል የምትሠሪው! ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተማርኩሽ!... ደህና ነኝ፣ ልጄ። ግን በዚህ ሰዓት እዚህ መሆኔን ማን ነገረሽ?

መምህር ወልደሥላሴ ድሮም ስልክ አይወዱም፤ ልጃቸው አስናቀ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ደወል ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያዩት በሩን ነው። ባለፈው መስከረም ጋምቤላ ውስጥ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ አስናቀ በጓሮ ወጥቶ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ለጠየቃቸው ሁሉ «ጎሬ፣ አክስቱ ዘንድ ነው» ይላሉ። ውሸቱ ከታወቀ አባት ወደ እስር ቤት፣ ልጅም ከተገኘ ወደ ግንባር ነው። ስልኩ ደግሞ ያለው በርእሰ መምህሩ በጓድ ተክሌ ክፍል ነው። ጓድ ተክሌ ጋዜጣ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ገጽ ከገለጡ ግን ቆይተዋል።

— ስለ ጉልበቴ?... አዎ፣ ታይቻለሁ። በአጥንትና በአጥንት መሐል ያለው ልስላሴ አልቋል፣ እንደ ድሮው ባይሆንም ይሻልሃል ብሎኛል ዶክተሩ።... ምን? ግብ?... የምን ግብ?

— ምንም አይደለም፣ ጓድ ተክሌ። ከሆስፒታል ነው።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?... ያለ ግብ ሕክምና አልጀምርም አለ? ታዲያ ግቤ መዳን ነዋ!... እሱ አይበቃም?... ሕመሙ ይቅለለኝ ማለትም አይበቃም?... ጉልበቴ የት እንዲያደርሰኝ?... ይህን ጠይቂው ያለሽ ማን ነው?

ጥያቄው አልጣማቸውም። ሐኪም የት ያምሃል ይላል እንጂ የት ልትሄድ ነው ይላል እንዴ? የት ልትሄድ ነው የሚለው ኬላ ላይ የቆመ ሰው ነው።

— ግቤማ እናት አገሬን ማገልገል ነው።... ምን ያስቅሻል?... እሺ፣ ከቤቴ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤቴ። በቃ።... ገበያም አልሄድም። ወንዝም አልወርድም፣ ወንዝ ምን አለኝ?... ታንኳ? አሁን ታንኳን ምን አመጣው? ታንኳ ላይ ቁጢጥ ማለት ቻልኩ አልቻልኩ ለሆስፒታሉ ምን ይፈይድለታል?

— የሚናፍቀኝ አገር?... የማያውቁት አገር አይናፍቅም፣ ልጄ።... ማታር?... ለክትባት ሄደሽ መመለስሽ ነው? ጥሩ። እኔን ግን ምን አገባኝ?

ማታር የሱዳን ድንበር ላይ ናትና ጋዜጣው ትንሽ ዝቅ አለ። የሚያዝያ ሙቀት አንድ ነገር ነው፤ በመምህሩ ጀርባ ላይ የሚወርደው ላብ ግን ሌላ ነበር። ይህች ልጅ ወይ ተልካለች ወይ ተይዛለች አሉ በሆዳቸው። ተማሪ ሳለች መዋሸት አይሆንላትም ነበር፤ ሰው ግን ይለወጣል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ጥርሳቸውን ነከሱ።

— አጠገብሽ ማን አለ?... ማንም? የሚተነፍሰው ማን ነው ታዲያ?... ኦፕሬተሯ ናት እንበል።... አልተቆጣሁም። ለኔ ከዘራና ኪኒን ይበቃኛል፣ ልምምዱን ለጎረምሳ አሳዪ።... የሚደርስበትን ያላወቀ በሳምንቱ ይተወዋል?... እንግዲያ እተወዋለሁ!

— የሕመሙን አጀማመር?... ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አልሽ። በሰፈራው ዘመቻ ነው። ለሰፋሪዎች ጎጆ ስንሠራ ከጣሪያ ወደቅሁ፤ ጓድ ተክሌም ያውቃሉ። አይደል፣ ጓድ?... አዎ፣ ከጣሪያ።... ከምን?

— ከምን አልሽ?... እስቲ ድገሚው።

የስልኩን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙት። ከማንጎ ዛፍ ነው ያለችው።

እውነትም ከጣሪያ የወደቀ ሰው የለም። በዘመቻው ሰሞን አንድ ቀን ሲመሻሽ መምህሩ ከቀበሌው ሊቀመንበር የማንጎ ዛፍ ላይ ወጥተው፣ አስናቀ ከሥር ሸሚዙን ዘርግቶ ሲቀበል፣ ቅርንጫፉ ከዳቸው። አባትና ልጅ ለማንም ላይናገሩ ተማማሉ፤ እናቱ እንኳ ሳታውቅ ነው ያረፈችው። አስናቀ በገዛ አፉ ካልነገራት ኛኮንግ ይህን ከየት ታመጣዋለች? አስገድዶ የሚያናግር ሰው ደግሞ ስለ ማንጎ አይጠይቅም።

ልጁ በሕይወት አለ። እንባቸው መጣ፤ ላብ አስመስለው በመሐረብ ጠረጉት።

— አለሁ፣ አለሁ ልጄ። መስመሩ ነው።... ልክ ነሽ፣ እንዳልሽው ነው።... ያ ሌላው በሽተኛሽስ? እንደምን አለ?... ወባ? አሁንስ ለቀቀው?... ይበላል?... እሰይ! እሰይ።

— እንግዲያው የፊተኛውን ግብ ተይው።... ከዝቅተኛ በርጩማ ላይ ሳልደገፍ መነሣት። እሱን ያዢልኝ።... አፋፍ መውጣት፣ ዕቃ ተሸክሜ።... ጭቃ ላይ ሁለት ሰዓት መሄድ።... እስከ ሐምሌ፣ ትምህርት እስኪዘጋ።

— ምን አሉኝ፣ ጓድ?... በሐምሌማ የችግኝ ተከላ ዘመቻ አለ አይደል! እኛ ሽማግሌዎች ቆመን እንይ እንዴ?

ጋዜጣው ተመልሶ ከፍ አለ።

— ቀጥይ፣ ልጄ።... ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ቀጥ አድርጌ ልዘርጋ፣ አምስት ልቁጠር፣ ቀስ ብዬ ላውርድ።... ከዘራው በደህናው እግር በኩል? እኔማ በሚያመኝ በኩል ነበር የምይዘው!... ሆዴንም ልቀንስ? እሺ።... ሲብስብኝ ላረግበው እንጂ ጨርሶ እንዳልተው። ገባኝ።... ለዶክተሩ ንገሪልኝ፣ እደርሳለሁ ብሏል በይልኝ።... አዎ፣ ለዶክተሩ።... ሄሎ?... ኛኮንግ? ሄሎ?

መስመሩ ተቋረጠ። መምህር ወልደሥላሴ እጀታውን አስቀመጡ፤ ወደ ክፍል መመለሱን ትተው ከጓድ ተክሌ ፊት ለፊት ቁጭ አሉና ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ዘረጉ። ጉልበታቸው ቋ አለ። ጓድ ተክሌ ከጋዜጣው በላይ አዩአቸው።

— ምንም አይደለም፣ ጓድ። ዕቅዴን እያስፈጸምኩ ነው።