ጠላውን ማን አመጣው

ከግቫት ጺዮን ሰፈር በተሳፈርኩበት ሸሩት፣ የጋራ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት እናቷን በዕብራይስጥ «ኢማ» እያለች እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦
«ዛሬ የልጄ ዶክተር እርጉዝ ሳለሽ ጠጥተሻል ወይ ካለችኝ እውነቱን እነግራታለሁ።»
«ጠላ ደግሞ መጠጥ ሆነና ነው?»
«አልኮል ነው፣ ኢማ። የጽንሱን አእምሮ ይጎዳል።»
«አንቺን ሳረግዝም ጠጥቻለሁ። ምን ሆንሽ?»
«ለሁሉም እኩል አይደለም። ልጄ ጠዋት ያጠናችውን ማታ አታውቀውም። ትምህርት ቤት ሰነፍ እያሏት ነው።»
«ስታድግ ይተዋታል።»
«አይተዋትም። ምክንያቱን ካወቁ ግን የሚረዳት አስተማሪ ይመድቡላታል።»
«እናቷ ሰካራም ናት ይሉሻል።»
«ይበሉ።»
«ማን ሰጠሽ ካሉሽስ?»
«ስምሽን አልጠራም።»
«ጥሪው» አሉ እናትየው። «ጉልበት ይሰጥሻል እያልኩ በየሳምንቱ ጠምቄ ያመጣሁልሽ እኔ ነኝ።»
መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ አቁምልኝ ሳልል አለፍኩት።