ለሌባ የተፈታ ውሻ

ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ልብስ ነጋዴዋ ትርንጎ ሱቅ፤ እሷ ከበርጩማዋ መነሣት አቅቷታል፣ በእጇ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ስንሻው ሐኪም ቤት ሊወስዳት መጥቷል።

ትርንጎ፦ አልሄድም አልኩህ! አማርኛ አይገባህም?

ስንሻው፦ መኪናው መንገድ ዘግቶ ቆሟል እታለም። ተነሽ በናትሽ።

ትርንጎ፦ መነሣት ብችል ምን ያስቀምጠኛል? ጉልበቴ ከድቶኛል! ትናንት አንዷ ደንበኛ ያንን ባለ ጥለቱን ቀሚስ አውርጂልኝ ብትለኝ፣ ክንዴ ከደረቴ በላይ አልሄድ አለ። የቆጡን ማውረድ ቀርቶ የብብቴም እየወደቀ ነው።

ስንሻው፦ እና ዝም አልሽ?

ትርንጎ፦ ማን ዝም አለ? ወጌሻዋ ጅማትሽ ዞሮ ነው ብላ በቅቤ እያሸችኝ ነው።

ስንሻው፦ ወጌሻ! ኧረ በማርያም! ለኔ ሳትነግሪኝ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?

ትርንጎ፦ አትጩህብኝ! ንፍጥህን እየጠረግኩ ነው ያሳደግኩህ። ለሳንባ ምች መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክንዱ ቢደክመው ለማን ይናገራል?

ስንሻው፦ የዓይንሽ ቆብስ ለምን ወረደ?

ትርንጎ፦ እንቅልፍ ነው።

ስንሻው፦ ቅድም ውሃው ትን ያለሽስ?

ትርንጎ፦ ፖሊስ ሆንክ እንዴ ዛሬ? ሁሉም የመጣብኝ ያንን መድኃኒት ካንጠለጠላችሁብኝ ወዲህ ነው። ሳሉ ለቆኛል፤ በቃኝ!

ስንሻው፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ! የምንሄደው ልትወስጂው አይደለም፣ እንዲያቆሙት ነው። መነሣት እንዳቃተሽ ለሐኪሟ ደውዬ ነገርኳት። መድኃኒቱ ጡንቻዋን አስቆጥቶታል አለች። የልብሽን ወይ የመተንፈሻሽን ጡንቻ ከነካ አለቀልን። አሁኑኑ አምጣት ነው ያለችኝ።

ትርንጎ፦ መድኃኒት ደግሞ ጡንቻ ይበላል?

ስንሻው፦ እንዴት ብዬ ላስረዳሽ… መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን አይገድለውም። ሰውነትሽ ውስጥ የታሰረ ዘበኛ አለ፣ እሱን ነው የሚፈታው። በቃ፣ ለሌባ የተፈታ ውሻ ባለቤቱን ነከሰ በይው።

ትርንጎ፦ ሌባው ማን ነው?

ስንሻው፦ እ?

ትርንጎ፦ ውሻው የተፈታበት ሌባ። ለምች ውሻ አይፈታም፤ የጎረቤቴ ልጅ በኪኒን ነው የዳነ። ሌባው ማን ነው ስንሻው?

ስንሻው፦ መኪና ውስጥ እነግርሻለሁ።

ትርንጎ፦ እዚሁ ትነግረኛለህ! አለዚያ ከዚህ በርጩማ አልነቃነቅም።

ስንሻው፦ ካንሰር ነው። ሳንባሽ ላይ።

ትርንጎ፦ ካንሰር! እና ምች ነው አላችሁኝ?

ስንሻው፦ ግን እየቀነሰ ነው! መድኃኒቱ ይዞልሽ ነበር እኮ፣ የሳንባሽን ፎቶ አይቼዋለሁ—

ትርንጎ፦ ዝም በል። ማን ማን ያውቃል?

ስንሻው፦ እኔ፣ ባለቤቴ… የእድሩ ሊቀመንበርም…

ትርንጎ፦ ሊቀመንበሩ! ድንኳኑንም ለካችሁልኝ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ሰፈር ያወቀውን ሞቴን እኔ መጨረሻ ልስማ?

ስንሻው፦ ትደነግጥብናለች ብለን ነው።

ትርንጎ፦ ደነገጥኩልህ! ቆይ፣ ያቺ ሐኪም ይሄ የክንድ ነገር እንደሚመጣ አታውቅም ነበር?

ስንሻው፦ ታውቃለች። ያኔ ሲጀመር ነግራኛለች። ጉልበት ካጣች፣ ዓይኗ ከከበዳት ሳትውል ሳታድር አምጣት ብላኝ ነበር።

ትርንጎ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ስንሻው፦ ብነግርሽ ይሄ ምን ዓይነት የምች መድኃኒት ነው ትይኛለሽ ብዬ…

ትርንጎ፦ አንተ ውሸትህን ስትጠብቅ እኔ ክንዴን ለወጌሻ ሰጠሁ! ሐኪሟ እንዴት ነሽ ስትለኝ አፌን ሳልከፍት ቀድመህ “ደህና ናት” የምትላት ለዚህ ነው ለካ! እኔ ደግሞ ጨዋ ወንድም አለኝ እያልኩ እኮራብሃለሁ።

ስንሻው፦ ምቺኝ በቃ። ምቺኝና ይውጣልሽ።

ትርንጎ፦ በየትኛው ክንዴ?

ስንሻው፦ እታለም… ካንቺ ሌላ ማን አለኝ? ቃሉን ከአፌ ካወጣሁት እውነት የሚሆን መሰለኝ። ፈራሁ።

ትርንጎ፦ የምሞተው እኔ፣ የምትፈራው አንተ! ይሄ የጡንቻው ነገር ይድናል?

ስንሻው፦ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት አለ ብላለች፤ ካልዘገየን ጉልበትሽ ሊመለስ ይችላል። የካንሰሩን ከዚያ በኋላ እናያለን ነው ያለችው። ሹፌሩም ሊሄድብን ነው፣ ልዘልሽ በናትሽ።

ትርንጎ፦ እዘለኝ እሺ። የሐኪሟ በር ላይ ስንደርስ ግን ታወርደኛለህ፤ አንተ ውጭ ትቀራለህ፣ ለሴትዮዋ የምመልስላት እኔ ነኝ።