መርፌው ይቆይ

— ሄሎ… አቤት… እኔ ነኝ፣ እናቱ ነኝ። ሲስተር? ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?

ስልኩ ሲጠራ ልጇ ምሳ የበላበትን ሳህን እያጠበች ነበር። እጇ ገና አረፋ ስለሆነ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሸጉጣዋለች። የደወለችው በልጇ ማደሪያ የምትሠራው ነርስ ናት። እንደ እሱ አእምሯቸው እንደ ዕድሜያቸው ያላደገላቸው አዋቂዎች እዚያ ከተንከባካቢዎች ጋር አብረው ይኖራሉ። የሁሉንም ጤና የምትከታተለው፣ መድኃኒታቸውን ቆልፋ የምትይዘው፣ ሲያማቸው ከሐኪም ጋር የምትሟገትላቸው እሷ ናት። ልጁ ከቤተሰቡ ዘንድ ሰንብቶ ወደ ማደሪያው በተመለሰ ዕለት ግን ደውላ አታውቅም።

— ደህና ነበር እኮ። በእግሩ ሄዶ ነው መኪናው ውስጥ የገባው… ምን ሆነ አልሽኝ?

ነርሷ ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረቻት። ሻለቃ ከመኪናው ሲወርድ እግሩ ተጠላልፎበት ነበር። ልጇን ሻለቃ የሚሉት በየማለዳው የማደሪያውን ሰው ጫማ በሙሉ በር ላይ አሰልፎ ስለሚፈትሽ ነው። ዛሬ ማንንም ሳይፈትሽ ወንበር ላይ ተደፍቶ ተኝቷል። ቢጠሩት አይመልስም፤ ቢነቀንቁት ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይከድነዋል። አምቡላንስ ተጠርቷል።

— አምቡላንስ…

ሳህኑን አስቀመጠችው። አባቱ ከሳሎን ሆኖ ማን ነው የደወለው ሲል ጠየቀ።

— ማንም አይደለም፣ ሬዲዮህን ስማ… አይ፣ አንቺን አይደለም ሲስተር፣ አባቱን ነው። እሱ የበር ደወል እንኳ ሳይጠይቅ አያሳልፍም… እሺ፣ ጠይቂኝ።

ነርሷም አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረች።

— አልወደቀም… ራሱንም አልመታም… የሚጥለው በሽታ? እኔ ጋ አልተነሣበትም… በልቷል፣ የአባቱንም ድርሻ ጨምሮ ነው የበላው… ኪኒኑን አንቺ ከላክሽልኝ ነው የሰጠሁት፣ ማታም ጠዋትም… ሌላ?

ዓይኗ ሳትፈልግ ወደ መደርደሪያው፣ ከስኳሩ ቆርቆሮ ጀርባ ወዳለችው ቡናማ ጠርሙስ ሄደ።

— ሌላ ምንም አልሰጠሁትም።

በጠርሙሷ ያለው ሽሮፕ ድሮ ሲረበሽ የሚያስተኛው ነበር። ትንፋሹን ያደክመዋል ብሎ ሐኪሙ ካስቆመው ቆይቷል፤ ነርሷም ቤት የቀረ ካለ መልሱልኝ ብላ ነበር። እናቱ አንዱን ጠርሙስ መልሳ አንዱን አስቀረች። ክፋት አስባ አልነበረም። ሻለቃ ቃል አያወጣም፤ ደስ ሲለው ይጮኻል፣ ጩኸቱም ሰፈር ያስነሣል። በጮኸ ቁጥር የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ይደበድባል። አከራዩ ደግሞ በቀደም ደረጃ ላይ አስቁሟት፣ ያ ልጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ከጮኸ ቤቴን ትለቃላችሁ ብሏታል። ልጄ አይምጣ እንዳትል አንጀቷ አይችልም። ይመጣ ዘንድ እንዲፈቀድለት አለቆቿን ስትለምን የከረመችውም ይህችው ነርስ ናት። እውነቱን ብትነግራት ልጇ ሁለተኛ የቤቷን ደጃፍ እንደማይረግጥ ታውቃለች።

ነርሷ አሁንም እየተናገረች ነው። ሰው ሳያየው የሚጥለው በሽታ ተነሥቶበት ይሆናል፤ ሐኪሙ በስልክ ስላዘዘ ለዚያ የተቀመጠለትን መርፌ ልትወጋው ነው። መርፌው ግን ከሚያስተኛ መድኃኒት ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል፣ ከመውጋቷ በፊት ከእናቱ አፍ ደግማ መስማት ፈልጋለች።



— ሲስተር… መርፌው ይቆይ… ይቆይ አልኩሽ፣ አትውጊው… የሰጠሁት አለ። ያንን ሽሮፕ… አዎ፣ እሱኑ… አውቃለሁ። መልሱ ብለሽን ነበር፣ እኔ ነኝ የደበቅኩሽ። ትላንት ማታ አንድ ማንኪያ፣ ዛሬ ጠዋት ሲጮህብኝ ደግሞ አንድ… የሾርባውን ማንኪያ፣ ትልቁን።

ቁጣ ጠብቃ ነበር። የሰማችው ግን ነርሷ መርፌውን መልሱት፣ በጎኑ አስተኙት እያለች ሰዎቿን ስታዝ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን አውርጂና የተጻፈውን አንብቢልኝ አለቻት።

ስታወርደው ቆርቆሮው ተገለበጠና ስኳሩ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ እሷም ማንበብ የጀመረችው ገና ዘንድሮ ነው። በእርጥብ ጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

— አምስት… አምስት ሚሊግራም… ቆይ፣ አታጣድፊኝ፣ ይጠፋብኛል… በአምስት ሚሊ ሊትር ይላል… ምን ያህል ቀርቷል? ቆይ ልየው።

ጠርሙሱን ወደ አምፖሉ አነሣችው። ከግማሽ በላይ መቅረት ነበረበት። ያለው ግን ከሥሩ ጥቂት ብቻ ነው።

— ሲስተር፣ ጎድሏል። እኔ ይሄን ሁሉ አልሰጠሁትም።

ቀና ስትል አባቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከሳሎን የሬዲዮ ድምፅ አይሰማም። ሰውየው የሚያየው እሷን ሳይሆን ጠርሙሱን ነው።

— አንተም ሰጥተኸዋል?

እሷ ለዳቦ ወጣ ባለችበት ሰዓት ልጁ ሲጮህ፣ ጎረቤቱም ሲደበድብ፣ አባትየው ግራ ገብቶት ነበር። ጠርሙሷ የት እንዳለች ያወቀው ድሮ ነው፤ ሚስቴ ታፍራለች ብሎ ነው እንዳላየ የሆነው። ማንኪያ መፈለግ እንኳ አልመጣለትም።

— ስንት?… በእጅህ አታሳየኝ፣ በአፍህ ተናገር… ሩብ ብርጭቆ ይላል ሲስተር። የሻይ ብርጭቆ። መኪናው ሊመጣ ሲል… አዎ፣ እዚሁ ነው፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል… እሺ፣ እነግረዋለሁ። — ወደ ባሏ ዞረች። — መናገርህ ደግ አደረገ ትልሃለች። ቁጭ በል፣ አንተ ደግሞ እንዳትወድቅብኝ።

ነርሷ የሰማችውን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር፣ በመዝገቡም ላይ ማስፈር እንዳለባት ገለጸችላት።

— ጻፊው። አይ፣ አታለስልሺልኝ፣ እንዳለ ጻፊው። በኋላ አንቺ ላይ እንዳይዞር። እናትና አባቱ ተደባብቀው ነው በይ… ወደ ቤት መምጣቱን? እሱን አልጠይቅሽም። እኔ እመጣለሁ፣ ካስገባችሁኝ። አሁን ብቻ ትንፋሹን ንገሪኝ… ዝግ ያለ ነው? ግን አለ… አለ አይደል?

አምቡላንሱ መድረሱን ከጀርባ ሰማች፤ ብረት ሲንኳኳ፣ ሰው ሲጠራራ። ነርሷ እንዲነቃ አናግሪው አለችና ስልኩን ከጆሮው አስጠጋችለት።

— ሻለቃዬ… እማ ናት። ትሰማኛለህ?

ከወዲያ በኩል ምንም የለም።

— ተኛ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ተነሥ የምልህም እኔው ነኝ… እስኪ ጩኽ። ማንም አይቆጣህም፣ ጩኽ ልጄ።

አባትየው ወለሉ ላይ ከፈሰሰው ስኳር አጠገብ ተንበርክኮ ጆሮውን ወደ ስልኩ አስጠጋ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ከሩቅ አንድ ድምፅ መጣ። ጩኸት አይደለም፤ ከእንቅልፍ ሥር የወጣ ወፍራም ማቃሰት ነው።

— ጨምር — አለችው። — ሰምቼሃለሁ፣ ጨምር…

የመኪና በር ተዘጋ፣ መስመሩም ተቋረጠ።