ሳያስገድድ የሚቀዳው የወይን ክበብ

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር አቶ ረታ ከሓድነት ሰፈር ወደ ዓዲ ሓቂ ሰፈር በሚኒባስ ሲሄዱ፣ ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ያቀፈችው የጠርሙስ ካርቶን መኪናው በዘለለ ቁጥር እየተንቋቋ ነገራቸውን አመጣው። ዞር ሲሉ ድሮ ያስተማሯት፣ ለተንሳኤ የምትባል ልጅ ናት።

«መምህር! ከመይ ኣለኹም? ወደ ወይን ክበባችን እየወሰድኩት ነው። አባል ቢሆኑ እኮ ጥሩ ነበር፤ በየወሩ ሦስት የተመረጠ ጠርሙስ ቤትዎ ድረስ ይመጣልዎታል።»

«ልጄ፣ ለመጠጥም አባልነት ያሻዋል? አጎቴ ፈንታሁን የማንም አባል ሳይሆን ጠላውን ግጥም አድርጎ፣ ትንፋሹ ብቻ የሚጋልባትን በቅሎ አስክሯት፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ሲያንኮራፉ ነው ያገኘናቸው!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አቶ ረታ ግን አልሳቁም። ሐኪሙ «ጉበትዎ ደክሟል፤ ከእንግዲህ መጠጥ በቃ» ካላቸው ወር ሆኗል። እሁድ እሁድ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚሰበሰቡት ደግሞ ወዳጃቸው ገብረዝጊ ቤት ነው፤ ገብረዝጊም ጎደል ያለ ብርጭቆ ሲያይ ቤቱ የተቃጠለ ይመስለዋል። ቢሄዱ ጉበታቸውን፣ ቢቀሩ የሃያ ዓመት ወዳጆቻቸውን ማጣታቸው ነው።

«ሐኪም ከልክሎኝ እንኳ ወዳጄ ገብረዝጊ ‹በሞቴ ጠጣ› ይለኛል» አሉ ምርር ብሏቸው። «የምሞተው ግን እኔ!»

«እኛ ጋ ማንም አያስገድድም። ሁለት ጉንጭ ይቀዳል፣ ይቀመሳል፣ መዋጥ ያልፈለገ ይተፋዋል።»

«ይተፋዋል?! የቀረበለትን? እናትሽ ይህን ታውቃለች?»

«እሷም ትተፋለች።»

አቶ ረታ ራሳቸውን ያዙ። «ጉዳቱንስ ለምን ትደብቂያለሽ? በየወሩ ሦስት ጠርሙስ ሳልጠራው ቤቴ ከች ሊል! ሁዳዴ ነው ብሎ ይቀራል? መራጩ ሌላ፣ ጠጪው እኔ! ቁም ሳጥን ላይ ተደርድሮ ሲያፈጥብኝ እንዴት ልዋል?»

«እውነትዎን ነው» አለች፣ ያልጠበቁትን። «እኔም መጀመሪያ ስለመጣ ብቻ እጠጣ ነበር። አሁን በጾም አልቀበልም፣ ካርቶኑንም ከጎረቤት ጋር እካፈላለሁ። እርስዎ ጠርሙሱን ይተዉት፤ ለጨዋታው ይምጡ።»

ክርክሩ ስላላለቀላቸው ብቻ ተከትለዋት ወረዱ። አንድ ካፌ ጓሮ ስምንት ሰዎች ተቀምጠዋል። ቀዱላቸው። አሸተቱ፣ ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ለመትፊያ የተቀመጠው ጣሳ ውስጥ ተፉ። መሬት አልተከፈተችም። ብርጭቆውን ገፋ አድርገው ልመናውን ጠበቁ። አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ።

«እንዴ! አትለምኑኝም?» ብለው ጮኹ።

«አይፈልጉም ብለን ነው» አለች ለተንሳኤ።

«አልፈልግም! ግን ሰው አይለመንም እንዴ?»

«ተለምነው አይደል የታመሙት፣ መምህር?»

ከዚያ በኋላ የትኛው ወይን ሎሚ ሎሚ እንደሚል፣ የትኛው ጭስ ጭስ እንደሚል ሲሟገቱ ዋሉ፤ የአጎታቸውን በቅሎም በጨዋታ ሁለት ጊዜ አሰከሯት፤ እሳቸው ግን ሳይሰክሩ ቀኑ መሸ።

እንዲህ ያለ ክበብ ልጓም ካጣ ቤትን የጠርሙስ መጋዘን ያደርጋል። በልክ የያዘው ሰው ግን የሚጠጣውን ያውቃል፣ «በቃኝ» ማለትን ይለምዳል፣ ሳይጠጣም ከሰው አይለይም።

አቶ ረታ እዚያው ስልካቸውን አወጡ። «ገብረዝጊ፣ እሁድ እመጣለሁ። ከእኔ ጨዋታ እንጂ ጠጥቼ የጨረስኩት ብርጭቆ አትጠብቅ። አስገድዳለሁ ካልክ ደግሞ መትፋት ተምሬያለሁና፣ ምንጣፍህን ቀድመህ አንሳ!»