ለሲስተሯ የሰጠሁት መልስ

ሳምባዬን አሞኝ ቆቦ ሐኪም ቤት አስተኙኝ። በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሲስተር በክንዴ ደም ሥር መድኃኒት ከጀመረችልኝ በኋላ፣ ሌላ ሥራ የሌላት ይመስል እየተመላለሰች ትጠይቀኛለች።

«አባባ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ያሳክክዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ አልኩሽ እኮ።»

ጋቢዬ ውስጥ ገላዬ ይለበልበኛል፤ ጉሮሮዬም እየጠበበ ነው። ግን አንበጣ ማሽላዬን ሲጨርሰው ያላማረርኩ ጀግና፣ ለዚህች ልጅ «አሳከከኝ» ልበል? ልጅቷ መልሴ ስላልጣማት ጋቢውን ገለጠችው። ደረቴ በሙሉ ሽፍ ብሏል። መድኃኒቱን ወዲያው ዘግታ ሐኪም ጠራችና ሌላ መርፌ ወጉኝ። ትንፋሼ ሲመለስ፣ «አባባ፣ ምስጋናውን ለአላህ ያድርሱ፤ ለእኔ የሚያሳክክዎትን ይንገሩኝ። ዝም ብለው ሊሞቱብኝ ነበር» አለች። ጀግናው አንገቴን ደፋሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «እንዴት ነህ?» አለችኝ። ትምህርቱ ገብቶኛልና ሲስተሯ ከዘጋችው መድኃኒት ጀምሮ እስከ ራስ ምታቴና ጉልበቴ ቁርጥማት አንድ በአንድ ነገርኳት። በትዳራችን ይህን ያህል ስናገር ሰምታ አታውቅም። ትክ ብላ አየችኝና፣ «መድኃኒቱ አሁንም አልተስማማህም መሰል፤ ተነስ፣ ወደ ሲስተሯ እንመለስ» አለችኝ።