ስልሳ ሦስቱ ስሞች

የቀሚሴ ዚፕ የተበላሸው ለምሳ ከቤተ መጻሕፍቱ ስወጣ ነው። ቦርሳዬን ከኋላዬ አድርጌ፣ ግድግዳ ጥግ ጥጉን ይዤ፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ስፌት ቤት ገባሁ።

የምሠራው በቤተ መጻሕፍቱ የሰነዶች ክፍል ነው። ያን ሰሞን የተሰጠኝ ሥራ አገር የሚያውቃቸውን የአንድ ፖለቲከኛ የምርጫ ታሪክ ማጠናቀር ነበር፤ መቼና የት ተወዳደሩ፣ ስንት ድምፅ አገኙ፣ በማን ተሸነፉ። ሰው ሲሰማው አሰልቺ ይመስለዋል። እኔን ግን በቁጥሮቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ያብሰለስለኛል። ከሁሉም ያስቸገረኝ ሦስተኛው ውድድራቸው ነበር።

ስፌት ቤቱ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለው፤ ጥግ ላይ ደግሞ መጋረጃ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ግድም የሆናቸው ሽማግሌ ናቸው። ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ይላቸዋል። በሁለተኛው መኪና ላይ የተቀመጠችው ልጃቸው ናት። ስገባ ይከራከሩ ኖሮ ሁለቱም ወደየስፌታቸው ዞሩ።

መጋረጃው ጀርባ ገብቼ ቀሚሴን አውልቄ አቀበልኩ። ልጅቷ የማገለድመው ቁራጭ ጨርቅ ሰጠችኝ። እዚያ ቆሜ ስጠብቅ ሚስማር ላይ የተንጠለጠሉ የልክ ማውጫ ወረቀቶች አየሁ። አንደኛው በእጅጌ ቅርጽ የተቆረጠ ነው። ላዩ ላይ አንድ ዓይን፣ የመነጽር ግማሽና የመሰላል ሥዕል አለ። ደነገጥኩ። በየመዝገብ ቤቱ ስፈልገው የከረምኩት የፖለቲከኛው የሦስተኛ ውድድር ማስታወቂያ ነበር፤ መሰላሉ የምርጫ ምልክታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ወረቀት ከየት መጣ?»

«የቱ?»

«ባለ መነጽሩ ሰው ያሉበት።»

መኪናው ቆመ። «እሱ ነው? እጅጌ አድርጌዋለሁ። ሌላው ግማሹ ኮሌታ ሆኗል። ለሰው ሲጠቅም ገና ያኔ አየሁት።»

ልጅቷ ሳቀች። «እህቴ፣ መሀሉ የገባሽበት ጠብ ይኸው ነው። የመራጮች ምዝገባ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ዕድሜዬ ደርሶ ስመርጥ ዘንድሮ የመጀመሪያዬ ነው። አባዬ ግን መታወቂያዬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል።»

«አንቺ ቁልፍሽን ትከዪ» አሉ አባትየው። «ልጄ ድምፅዋን ስትሰረቅ ቆሜ አላይም።»

ሰው ፊት ለፊት ሲያየኝ ቃል ይጠፋኛል። መጋረጃው ግን እንግዳ ድፍረት ሰጠኝ። «ምን ሆነው ነው ጋሼ?» አልኩ።

«የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ነው። በየቤቱ ዞሬ ለዚህ ሰው ከእኔ ጋር ስልሳ ሦስት መራጭ ያስተባበርኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ በስሙ የተቆጠረለት አሥር እንኳ አይሞላም፤ የስልሳ ሦስታችንም ድምፅ የለም። ውሃ በላው! እሱስ ምን አደረገ? ያሸነፈውን ሰውዬ እጅ ጨበጠ። እየሳቀ! ያን ዕለት ከግድግዳ አውርጄ መቀስ አስገባሁበት።»

ስልሳ ሦስት። ቁጥሩን ቀድሞውኑ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበት ነበር።

«አልጠፉም እኮ ጋሼ። ተቆጥረዋል። የጣቢያው ቃለ ጉባኤ እኔ ጋ አለ። ጽሑፍ ስላለባቸው ዋጋ አልባ ተብለው ነው የተለዩት። ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ ግን አይናገርም። ሰዎቹ የጻፉት ነገር ነበር?»

«እንዴታ! ስማቸውን ነዋ!» አሉ ኮራ ብለው። «የመከርኳቸው እኔ ነኝ። አርባ ዓመት እዚህ ስሠራ አንድ ጨርቅ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ለምን መሰለሽ? የምቆርጠው ሁሉ ላይ የባለቤቱን ስም በጠመኔ እጽፋለሁ። ስም የሌለው ቁራጭ ከሌላው ይደባለቅና ይቀራል። ድምፃችሁም እንዳይጠፋ ስማችሁን ጻፉበት አልኳቸው። መጻፍ ለማይችሉት እዚህ ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ አስተማርኳቸው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ!»

ወራት የፈለግሁት መልስ የአንድ ታታሪ ሰው ጠመኔ ሆኖ ተገኘ። ቀሚሴን ተቀብዬ አመስግኜ ብወጣ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ግን መሳቢያው ውስጥ የተቆለፈው የልጅቷ መታወቂያ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ፣ ስም የተጻፈበት ድምፅ አይቆጠርም። ሕጉ ያኔም እንዲህ ነበር።»

«ምን ዓይነት ሕግ ነው? ሰው ባመነበት ላይ ስሙን ቢጽፍ ምን አጠፋ? የሚደበቅ ያፈረበት ሰው ነው።»

«እኔ አሁን የት ነው ያለሁት?»

«መጋረጃ ጀርባ።»

«ያጠፋሁት ነገር ኖሮ ነው?»

«ቀሚስሽ እኔ ጋ ሆኖ ነዋ!» አሉ። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች።

«ይህን መጋረጃ ለምን ሰቀሉት ጋሼ?»

«ሰው ሳይሳቀቅ እንዲለካ።»

«የአንዱን ደንበኛ ልክስ ለሌላው ይነግራሉ?»

«ምን ነካሽ! በዚህ ቤት የሰው ልክ አይወራም። የጎረቤቴን ሚስት ወገብ ለሰፈሩ ባወራ ማን ተመልሶ ይመጣል?»

«ድምፅም ልክ ነው ጋሼ፤ የሰው ልብ ልክ። ስም ካለበት አሠሪው አይቶ ያባርረዋል፣ አከራዩ ያስወጣዋል፣ ባል ሚስቱን ይቆጣል። ስም ከሌለበት ግን የሚያስፈራራው ሰው በምን ያውቃል? ፈሪውም ደፋሩም እኩል የሚሆኑት እዚያች መጋረጃ ጀርባ ብቻ ነው።»

«ከተደባለቀስ?» አሉ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። «እኔ መምጣቴ በምን ይታወቃል?»

«ስምዎ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ መዝገቡ ላይ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት የሚዘጋው እሱ ነው። መዝገቡ ማን እንደመጣ ይናገራል፣ ወረቀቱ ምን እንደተመረጠ ይናገራል፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ክር የለም። እርስዎስ ኮቱ ሲያልቅ የጻፉትን ስም ምን ያደርጉታል?»

«አራግፈዋለሁ» አሉ በቀስታ። ከዚያ «በስንት ነበር የተሸነፈው?» ሲሉ ጠየቁ።

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር። «በአርባ አንድ።»

መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። «እንግዲያው የጣልኩት እኔ ነኛ!»

«አባዬ…» አለች ልጅቷ።

«ተይኝ። እሱስ አውቋል?»

«አውቀዋል» አልኩ። «ድጋሚ ቆጠራ ጠይቀው ስልሳ ሦስቱንም ወረቀት አንድ በአንድ አይተዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ ያስመዘገቡት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹የተጻፈው እንዳይነበብ፣ ከዚህም ክፍል እንዳይወጣ።› ለምን እንደዚያ እንዳሉ አልገባኝም ነበር። አሁን ነው የገባኝ። ያሸነፋቸው ሰው እሳቸውን የመረጡትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዳያገኝ ነው። ከዚያ ወጥተው እጁን ጨበጡት።»

የሽማግሌው እርምጃ ወደ መጋረጃው ቀረበ። «ስሜን አይቶታል ማለት ነው። አይቶ ሸሸገልኝ። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሌባ ስለው…»

ልጅቷ የተሠራውን ቀሚስ በመጋረጃው አቀበለችኝ። ለብሼ ስወጣ ጋሽ ሜትር ባዶውን ግድግዳ እያዩ ቆመዋል።

«ዘንድሮ ለስድስተኛ ጊዜ፣ እዚሁ ይወዳደራል አሉ» አሉኝ። «ልምረጠው?»

አሁን ፊት ለፊት ስለሆንን ፊቴ ጋለ። «እሱን እኔ አልነግርዎትም። በአራተኛው ሌላ ወረዳ ሄደው ሲያሸንፉ ቃል የገቡት የውሃ መስመር እስካሁን አልተዘረጋም፤ በአምስተኛው እዚያው የተሸነፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ታሪካቸው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። አንብበው ይፍረዱ።»

መሳቢያው ተከፈተ። «ጫማሽን አድርጊ» አሉ ለልጃቸው። የራሳቸውንም መታወቂያ አወጡ።

በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስፌት ቤቱ ተዘጋ። ወደ ምዝገባው ሦስታችን ስንሄድ ሽማግሌው መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ጋ ቆሙ፣ ቀጥለው ዳቦ ጋጋሪዋ በር ላይ። «ያን ጊዜ ድምፃችሁን ያስጣልኩት እኔ ነኝ» አሏቸው። «ዘንድሮ ከምልክቱ ሌላ ነጥብ እንኳ እንዳትጨምሩ።»

ጫማ ሰፊው መዶሻውን እንደያዘ ቀና አለ። «ይህን ለመናገር አሥራ አምስት ዓመት?»

«ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም። አዘግይቼ እንደሰፋሁልህ ኮት ቁጠረው» አሉት።

በየበሩ ጥፋታቸውን ሲናገሩ አንገታቸውን አልደፉም። እኔ ከኋላ ሆኜ አስብ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ተሰረቅን የምንለው ሥርዓቱን ሳንጠይቅ በለመድነው መንገድ ስለሄድን ነው። መርምሮ የሚመርጥና ምርጫውን በምስጢር የሚይዝ ሰው ውለታም ሆነ ዛቻ አያስገድደውም። ተመራጩም ማን እንደመረጠው ስለማያውቅ ለሁሉም መሥራት ግድ ይሆንበታል።

ምርጫው ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሜትር ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጡ፤ ልጃቸውም አብራቸው ነበረች። እጅጌውንና ኮሌታውን በመኪና ገጥመው ሰፍተው አንድ ወረቀት አድርገውታል። በሰውዬው መነጽር መሀል ቀጥ ያለ የክር መስመር ያልፋል። ተቀብዬ ደብተሬን አሳየኋቸው፤ በጣቢያቸው የዘንድሮው ዋጋ አልባ ድምፅ፦ አራት።

«አራቱ እነማን ናቸው?» አሉ ተቆጥተው።

«አይታወቅም ጋሼ።»

«አዎ፣ ለካ አይታወቅም» ብለው ሳቁ።

ልጅቷ ክንዳቸውን ይዛ ጠጋ አለች። «አባዬ፣ እኔ ከአፌ አላወጣውም፤ አንተስ ማንን መረጥክ?»

ሽማግሌው ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ቀስ ብለው ጠቀለሉትና ኪሳቸው ከተቱት።

«የሰው ልክ አይወራም» አሉ።