አያ መዝገቡ የቆጠሩት ሰባት ቤት

አያ መዝገቡ በበቅሏቸው ከከላላ ገበያ ሲመለሱ፣ መካነ ሰላም መግቢያ ላይ ከሚኒባስ ከወረደች ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ ትህትና ናት፤ ደሴ ትምህርቷን ጨርሳ መምጣቷ ነው። እሳቸው ግን ደስታቸውን ዋጥ አደረጉት። ባለፈው እሑድ ለምትወደው ለአምባቸው ሊጠይቋት የመጡትን የአቀስታ ሽማግሎች ከደጅ መልሰዋቸዋልና።

«ሽማግሎቼን መለሷቸው አሉ፣ አያ?» አለች፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ።

«መለስኳ! ጎሳው የማይታወቅ ሰው ቤቴ አይገባም። የኛ ጎሳ እኮ፣ አንቺ፣ ቅድመ አያቴ አንበሳ ላይ ኮርቻ ጭኖ ዓባይን የተሻገረ ነው!»

«ነብር አልነበር እንዴ?»

«ሲሄድ በነብር፣ ሲመለስ በአንበሳ!» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

አያ መዝገቡ ለክፋት አይዋሹም፤ እውነቱ ሲያጥርባቸው መቀጠል ይወዳሉ እንጂ።

«ይሁን፤ ጎሳ የሚለውን ቃል ግን ከየት አመጡት?»

«ከአባቶቼ!»

«አባቶችዎስ? ከኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው። በኦሮምኛ ወገን፣ ዓይነት ማለት ነው። የቆምንበት አገር ቦረና መባሉስ ከየት መጣና? ሰው እንዳይገባ ያጠሩበት ቃል እኮ ራሱ እንግዳ ሆኖ የገባ ነው!»

አያ መዝገቡ ምንም ያላጠፋችውን በቅሎ በልጓም ሳቧት። «ቃሉን ተይው! እኔ ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው የምናገረው።»

«ሰባት ቤት ለምን ይቆጠራል፣ አያ?»

«ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነዋ! ኃጢአት...» ብለው ሳይጨርሱ ትህትና ቀበል አደረገች።

«እኮ! አባቶች የቆጠሩት ባዳ ይግባ ብለው፣ እርስዎ የሚቆጥሩት ባዳ አይግባ ብለው። ከጎሳችን ብቻ ላግባ ብል ሰባቱን ቤት ማፍረሴ አይደለም?»

«ታዲያ እነ አምባቸው ምናችን ናቸው?»

«ዛሬ ምንም። ነገ የልጄ አያቶች። ደግሞ ይወቁት፣ አያ፤ ፈቃድ ልለምን አልመጣሁም። ምርቃት ነው የምፈልገው። ቢከለክሉኝም አገባዋለሁ፤ ከሰርጌ የሚጎድለው የእርስዎ ወንበር ብቻ ነው።»

ይህችኛዋ ወጋቻቸው። ዘመድ ቆጥሮ ሰው ያራቀ፣ በመጨረሻ የሚቆጥረው ራሱን ብቻ ነው። ወረዱና ሻንጣዋን ኮርቻው ላይ አሰሩላት።

«አብሽሪ» አሉ፣ ቋጠሮውን ጠበቅ እያደረጉ። «ለነገሩ የአቀስታ ገብስ ሸጋ ነው። እኛ ሰብሉ ሲከዳን እነሱ ይደርሱልናል፤ እነሱ ሐዘን ሲገባቸው እኛ ቃሬዛ እንሸከማለን። በይ እሑድ ይምጡ በያቸው። ያንን አንበሳ ኮርቻ የጫነለት የአቀስታ ሰው እንደ ነበር አጫውታቸዋለሁ።»